ያመለጡት ልጆች ናቸው እንጂ ሙከራዎች አይደሉም

ለአዘጋጁ፣

ሰላም ብያለሁ ከባህር ዳር። ባለፈው ሳምንት ከላብራቶሪ ስላመለጡት ልጆች የሚያወራው ፊልም ክፍል 2 ላይ የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ኢፌክቱ ምርጥ ነው ምናምን ያላችሁት ልክ ነው አልከራከርም፣ እኔን የቆረቆረኝ ርእሱ ነው። «ያመለጡት ሙከራዎች» አላችሁ፣ ከዛ ከላይ እስከ ታች እንደዛው እያላችሁ ሄዳችሁ። ሙከራ እንዴት ነው ሚያመልጠው? ሙከራ ይሳካል ወይ ይከሽፋል፣ ያመለጡትኮ ልጆች ናቸው!

ቃል ነው ምን ችግር አለው ትሉኝ ይሆናል፣ ፊልሙ ራሱ ግን ስለዚሁ ነው። ልጅቷ ሆስፒታል ገብታ ስምሽ ማነው ስትባል ቁጥሯን ነው ምትናገረው፣ ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ ደሞ እስክሪብቶዋን ይዛ ስም ትጠብቃለች፣ ልጅቷ ቁጥሩን ደገመችላት። እኔ እዛች ጋ ነው የቀረሁት፣ ከዛ በኋላ ያለው የሄሊኮፕተር ሩጫ እውነቱን ለመናገር በዝቷል።

በእውነተኛው ታሪክም ነገሩ ከስም ነው ሚጀምረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩኒት 731 የሚባለው የጃፓን ጦር ክፍል ማንቹሪያ ውስጥ በእስረኞች ላይ የጀርም መሳሪያ ሲሞክር ሰዎቹን «ማሩታ» ነበር ሚላቸው፣ ግንድ ማለት ነው፣ ግንድ ደሞ ስንት ተቆረጠ ተብሎ ይቆጠራል እንጂ ማን ይባላል? ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖቹ ዳታውን ስለፈለጉት ኃላፊዎቹን ሳይከሱ ተዋቸው። ራሳቸውም አላባማ ቱስኪጊ ላይ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች «መጥፎ ደም ነው ያለባችሁ» እያሉ፣ ፔኒሲሊን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳን ሳያክሟቸው በሽታው ምን እንደሚያረጋቸው ይከታተሉ ነበር። በመሀል፣ 1947 ላይ፣ የሰውየው በፈቃዱ መስማማት የግድ ነው ብሎ የሚጀምረው የኑረምበርግ ኮድ፣ ሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር የሚደነግገው ማለት ነው፣ ሰው ላይ ሲሞክሩ በነበሩ ናዚ ሐኪሞች ፍርድ ላይ ወጥቷል። እነዛ ሐኪሞች ላይ የፈረዱት እኮ አሜሪካኖቹ ናቸው!

ይሄን ምለው እኔ ንጹህ ስለሆንኩ አይደለም። ከጥቂት አመታት በፊት ጣና ዳር በአንድ የቢልሃርዚያ (ከሀይቅ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ ነው) ጥናት ላይ ዳታ ኮሌክተር ሆኜ ሰርቻለሁ፣ የማን እንደሆነ ይቅር። ማታ ስንገናኝ ወሬያችን «ዛሬ ስንት ሳምፕል አመጣህ?» «የኔ ሳምፕሎች አስቸገሩኝ» ነበር። አንድ ጠዋት አንድ አሳ አጥማጅ ሽማግሌ ከሀይቁ ወጥተው፣ ታንኳቸውን እንዲደርቅ ዛፍ ላይ አስደግፈው፣ በደንገል ያንጠለጠሏቸውን ሶስት ቆሮሶዎች እንደያዙ ቁጭ አሉልኝ። የስምምነቱን ፎርም አነበብኩላቸው፣ ሶስት ገጽ ነው፣ ገጽ ሁለት ላይ አይናቸው ወደ አሳው ሄዷል። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሻራቸውን አደረጉ፣ የሰገራ ዕቃዋንም ሞልተው መለሱልኝ። ከዛ እኔ ለጓደኛዬ ጮክ ብዬ «አንድ ሳምፕል ጨምሬያለሁ!» አልኩት።

«ሳምፕል እኔ ነኝ?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ እርሶ አይደሉም፣ ሰገራው ነው» ብዬ ዋሸኋቸው።

ሳቁና «በል እንግዲያ ውጤቱንም ለሰገራዬ ንገርልኝ» ብለው አሳቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚውል ሰው ነው፣ ትሉ ደሞ በቆዳ ነው ሚገባው፣ ውጤቱ ከማንም በላይ ለሳቸው ነበር ሚጠቅመው። ውጤት ሚናገረውና መድኃኒቱን፣ ፕራዚኳንቴል፣ ሚያድለው ግን ሌላ ቡድን ነው ተብሎ እኔ ተመልሼ አልሄድኩም፣ ክፍያዬን ተቀብዬ ወደ ሌላ ስራ ገባሁ።

ለዛ ነው መጨረሻው ላሽቋል ያላችሁበት ቦታ ማልስማማው። ልጅቷ ሐኪሙን እጇ ላይ አግኝታው ካልገደለችው ምን ዋጋ አለው ብላችኋል። የጠየቀችው ፋይሏን ነውኮ! ስለኔ የጻፍከውን ስጠኝ ነው ያለችው፣ እሱ ደሞ ጨዋ ነው፣ ሻይ ሁሉ ይጋብዛታል፣ ፋይሉን ግን «የፕሮጀክቱ ንብረት ነው» ብሎ ይከለክላታል። እኔ ከጥይቱ ሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም እንደዛ ሚያወራ ሰው አውቃለሁ፣ እኔም አውርቻለሁ።

የታተመው ታትሟል፣ ድረገጻችሁ ላይ ያለውን ርእስ ግን አሁንም ማስተካከል ትችላላችሁ፣ አንዲት ቃል ናት።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር