የማሲንቆው ድምፅ መድረክ ላይ፣ ባለማሲንቆው ከአጥር ውጭ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በተካሄደ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ድግስ ላይ ያየሁት ነገር ቅር ቢለኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ዝግጅቱ እንዲቀር አልሻም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ተስተካክሎ ማየት እፈልጋለሁ።

በማስታወቂያው ላይ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የመጡት ዲጄዎች ስም በጉልህ ተጽፏል፤ የከተማችን ተጫዋቾች ግን «የባህል ቡድን» ተብለው ከግርጌ ሰፍረዋል። የተሰጣቸውም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ታዳሚው ገና ሳይገባ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር። የማውቃቸው አንድ አዝማሪ የማሲንቋቸውን ጭራ ዕጣን አስነክተው፣ የድምፅ ፍተሻ ሳይደረግላቸው መድረክ ወጡ። ለዘፋኝ ቁመት የተተከለው ማይክሮፎን ማሲንቆውን ትቶ ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ ሲያስተጋባ፣ ጎንበስ ብለው መሣሪያውን ወደ እሱ አስጠጉት፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ግጥማቸው ሳይሰማ ቀረ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አንድ እንግዳ ዲጄ ከኮምፒዩተሩ የማሲንቆ ድምፅ እየደጋገመ ሲለቅ ሕዝቡ በደስታ ጨፈረ፤ እኔም ጨፈርኩ። በዚያች ሰዓት እኚያ አዝማሪ የመግቢያ ጊዜያቸው አልፏል ተብለው ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ይጠብቁ እንደነበር የሰማሁት በማግሥቱ ነው።

አዝማሪና ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ምን አገናኛቸው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ከሚፈጥር ኪቦርድ) ጋር አዋሕዶ የአገሩን ዜማዎች ቀርጿል፤ በእኛ ዘመንም «እንደገና ሙሉ» እና «ሚካኤል ሰይፉ» የተባሉት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቀናባሪዎች በኮምፒዩተር የሠሯቸው ሥራዎች በውጭ አገር ጆሮ ያገኙት የአገራችንን ድምፅ ይዘው በመውጣታቸው ነው። ከዚህም በላይ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት በአንዲት የጭራ አውታር ላይ እየተንሸራተተ የሚያወጣው ዜማ፣ በተለይም ከአገራችን የዜማ ቅኝቶች አንዱ በሆነው በአንቺሆዬ ሲሆን፣ እኩል በተከፋፈሉት የኪቦርድ ድምፆች ላይ በልኩ አይቀመጥም። ተቆርጦ የተቀዳ ድምፅ ለጭፈራው ምት መልስ አይሰጥም፤ አዝማሪው ግን ከፊቱ ያለውን ሰው እያየ ዜማውንም ግጥሙንም እዚያው ይለውጣል። ለዲጄውም ቢሆን ከዚህ የበለጠ ምን አጋር ይገኝለታል?

የተረሱት አዝማሪዎቹ ብቻ አይደሉም። በተከራዩአት ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ማዳመጫ ሙዚቃ የሚያቀናብሩ የባሕር ዳር ወጣቶች አሉ፤ አንዳቸውም አልተጋበዙም።

ስለዚህ አዘጋጆቹ የከተማችንን ባለሙያዎች በየስማቸው እንዲያስተዋውቁ፣ ተመጣጣኝ ክፍያ ከፍለው ሰው በሞላበት ሰዓት መድረክ እንዲሰጧቸው፣ እንግዶቹ ዲጄዎችም አንድ ቀን ቀደም ብለው መጥተው ከእነሱ ጋር እንዲለማመዱ እጠይቃለሁ። የከተማው የባህል መሥሪያ ቤትም ለመሰል ዝግጅት ፈቃድ ሲሰጥ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። እኚያን አዝማሪ ማግኘት የሚፈልግ አዘጋጅ ካለ፣ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢጠይቀኝ አገናኘዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ