ፋቮሪቱን ይዞ ወይስ ፋቮሪቱን ትቶ? ለልጄ

ልጄ፣ ሰላም ነህ? እኛ ደህና ነን። የአዳማ ሙቀት እንደምታውቀው ነው፣ እናትህም ሰላም ብላሃለች።

የላክህልኝን ቮይስ ሰማሁት። «አባዬ፣ በፈረስ ውድድር ፋቮሪቱ ላይ የሚያስይዝ ሞኝ ነው፤ ብሩ ያለው ማንም ባልገመተው ፈረስ ላይ ነው» ትላለህ። ፋቮሪቱ ማለት ብዙ ሰው ያሸንፋል ብሎ ብሩን ያስያዘበት ፈረስ ነው። ሐዋሳ የላክሁህ ለዚህ ነው ወይ ብዬ ልቆጣህ ነበር። ግን ቁጣ አንተ ጋ አይሠራም፣ ሒሳብ ግን ትወዳለህ።

ግማሹ እውነትህን ነው። አሜሪካም እንግሊዝም ፋቮሪቱ የሚያሸንፈው በግምት ከሦስት ውድድር አንዱን ነው። ሁለቱን ይሸነፋል። ታዲያ እሱን መተው አያዋጣም ወይ? አያዋጣም፣ ምክንያቱም እሱ ሲሸነፍ የሚያሸንፈው «ሌላው» የሚባል አንድ ፈረስ አይደለም፤ ሰባት ስምንት ናቸው፣ አንተ የምትይዘው ደግሞ አንዱን ነው።

አሜሪካ ውስጥ ኦዱን፣ ማለትም ፈረሱ ካሸነፈ ያስያዝከው ስንት እጥፍ ሆኖ እንደሚመለስ፣ የሚወስነው ሕዝቡ ራሱ ነው። የሁሉም ገንዘብ አንድ ላይ ይገባል፣ አወዳዳሪው ከ100ው 15ም 20ም ከዚያ በላይም ቆርጦ ያስቀራል፣ የተረፈውን ያሸነፉት ይካፈላሉ። ብዙ ሰው የያዘው ፈረስ ትንሽ ይከፍላል። ሴክሬታሪያት የሚባለው ፈረስ በ1965 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ 1973 በሚሉት፣ ቤልሞንት በሚባለው የአሜሪካ ውድድር ላይ ተከታዩን በ31 ፈረስ ርዝመት ጥሎ ገባ። 2 ዶላር ላስያዘበት ሰው የተከፈለው ስንት መሰለህ? 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም! በዚያው ክረምት ሳራቶጋ በሚባለው ሜዳ ላይ ይኸው ፈረስ ተሸነፈ፣ ያሸነፈውም ኦኒየን፣ በእንግሊዝኛ ሽንኩርት፣ የሚባል ፈረስ ነው። የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ሆነህ ይህን አለማወቅህ ነው የገረመኝ።

ሽንኩርት ካነሳን አይቀር፣ ከመቂ የሚመጣው ሊጠፋ ነው የሚለውን ወሬ ገበያው ሁሉ ከሰማ በኋላ ገዝቼ የማተርፍ ይመስልሃል? ወሬው ዋጋው ውስጥ ገብቷል። ፈረሱም እንደዚያው ነው። ጎበዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ጉብዝናው በስንት እየተሸጠ እንደሆነ ነው ማየት ያለብህ።

ኦዱ 2.50 ነው እንበል። 100 ብር 30 ጊዜ አስያዝክ፣ 3,000 ብር ወጣ። ከሦስት አንዴ ካሸነፈ 10 ጊዜ 250 ታገኛለህ፣ 2,500። 500 ብር ከሰርክ። ያው ፈረስ ኦዱ 3.00 ቢሆን ትወጣለህ፣ 3.50 ቢሆን ታተርፋለህ። ፋቮሪቱን የምትተወውም ውድ ሲሆን ነው፣ ማለትም ኦዱ ከሚገባው ሲያንስ። ኦዱ 1.50 ሆኖ ከሦስቱ ሁለቱን አያሸንፍም ብለህ ካመንክ ተወው። ተወው ማለት ግን ማንም ያልገመተውን ያዝ ማለት አይደለም፤ ያላግባብ የረከሰ፣ ማለትም ኦዱ ከሚገባው የበዛ፣ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ፈረስ ካለ ፈልግ ማለት ነው።

ያንተ ዓይነቱ ሰው ሁሌ የሚጠቅሰው ሪች ስትራይክ የሚባለውን ፈረስ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኬንታኪ ደርቢ የሚባለውን የአሜሪካ ውድድር በ80 ለ 1፣ ማለትም ለ1 ዶላር 80 ያህል ትርፍ በሚከፍል ኦድ፣ አሸነፈ፣ 2 ዶላር 163.60 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድም ውድድር አላሸነፈም፣ ይህን የሚያወራ ግን የለም። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ፤ ሰው ትልቅ ኦድ ሲያይ ስለሚጎመጅ እነዚህ ፈረሶች ላይ ከሚገባቸው በላይ ገንዘብ ይፈስሳል። ስለዚህ ፋቮሪቱን ብቻ የሚከተል ቀስ ብሎ ይከስራል፣ አንተ እንዳልከው የሚሄድ ደግሞ ይፈጥናል።

ይህ ሁሉ ግን እውነተኛ ፈረስ ሲኖር ነው። አንተ የምትይዘው ፈረስ የት አለ? እዚህ ሰፈራችን ያለ አንድ ቤቲንግ ቤት ገብቼ ቆሜ አየሁ። ስክሪኑ ላይ ስድስቱም አንድ ዓይነት ይጋልባሉ፣ አንዱም አያልበው፣ አቧራ የለ። አልቆ ሻይ ሳትጨርስ ሌላው ይጀምራል። ወለሉ የተቀደደ ትኬት ብቻ ነው። የጋሪ ፈረስ እንኳ አንድ ቀን ያነክሳል፣ አንድ ቀን አልሄድም ይላል፣ ባለቤቱም ጠዋት አይቶት ያውቃል። እውነተኛ ውድድር ላይ ሕዝቡ ያላየውን ልታይ ትችላለህ፣ ፈረሱ ጭቃ እንደማይወድ ወይም ጋላቢው እንደተቀየረ። ቨርቹዋል ላይ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ባለው የኮምፒውተር ውድድር፣ ግን ማሽኑ ነው ቁጥር የሚያወጣው፣ ኦዱም ቤቱ እንዲተርፈው ተደርጎ የተሠራ ነው። ፋቮሪቱን ያዝክ ተውክ፣ ከማን በልጠህ ልታውቅ ነው?

የኪራዩን በቴሌብር ልኬልሃለሁ። ካላመንከኝ አንድ ወር ያለ ብር ሞክረው። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት የምትይዘውን፣ ኦዱን፣ ደግሞ በአንተ ግምት ከስንት አንዴ እንደሚያሸንፍ ደብተር ላይ ጻፍ፤ ካለቀ በኋላ እንዳትነካካው ብቻ። ገጾቹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ድምሩን እኔ እሠራዋለሁ።

አባትህ