የተመታ ጭንቅላት አይደበቅም፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ያመዋል፤ እሱን ደግሞ ታውቀዋለህ። ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ገና አፌን ስከፍት «እማዬ ደህና ነኝ» ትለኛለህ፤ ከዚያ አውቶቡሱ ሊነሣ ነው ትላለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ዓርብ ማታ የበረዶ ሆኪ ጨዋታችሁን በኢንተርኔት ተከታትያለሁ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ያ ረጅሙ ልጅ ከኋላ ገፍቶህ ጭንቅላትህ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ጋር ሲጋጭ አየሁ። ስትነሣ ተመስገን አልኩ። ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ከተቀመጥክ በኋላ ግን የውኃ ጠርሙስህን ልታነሣ እጅህን ዘረጋህና ሳትከው። ጠርሙሱ ፊት ለፊትህ ነበር። ደግመህ ዘረጋህ፤ አሁንም ሳትከው። አስተላላፊው ስለ ግቡ ይለፈልፋል፤ እኔ እጅህን አያለሁ። ቅዳሜ ተጫወትክ። እሑድም ተጫወትክ። ሰኞ ዕለት መጋረጃ ዘግተህ እንደተኛህ፣ የስልክህን ብርሃን እንኳ ማየት እንዳቃተህ እህትህ ነገረችኝ። እንዳትቆጣት! እኔ ነኝ አውጪ ብዬ የያዝኳት።

ልጄ፣ ጭንቅላትህን ስትመታ ተናገር። አትደብቅ።

ለምን እንደምትደብቅ አላጣሁትም። እናንተ በኢ.ሲ.ኤች.ኤል. ሊግ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ 72 ጨዋታ ትጫወታላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ በተከታታይ። ሌሊቱን ደግሞ ከቶሊዶ ወደ ፎርት ዌይን፣ ከፎርት ዌይን ወደ ካላማዙ አውቶቡስ ውስጥ ታድራላችሁ። ደመወዙ በሳምንት ይታሰባል፤ የምትኖርበትም ቤት የቡድኑ ነው። ከእናንተ በላይ አሜሪካን ሆኪ ሊግ አለ፤ ከእሱ በላይ ናሽናል ሆኪ ሊግ። ከላይ የሚደወለው አንድ ተከላካይ ሲጎድልባቸው ነው፤ በዚያን ቀን አንተ ታመህ ከተገኘህ ሌላው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለዚያ ስልክ ስንት እንደለፋህም አውቃለሁ፤ ሴንት ፖል መናፈሻው ውስጥ ባለው የበረዶ ሜዳ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው የጫማህን ማሰሪያ የማጠብቅልህ እኔ ነበርኩ። ድሬዳዋ ተወልዳ ላደገች ሴት ያ ብርድ ምን ማለት እንደሆነ አንተ አይገባህም።

ባለፈው ስንነጋገር ዊሊ ኦሪን አነሣህብኝ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ በናሽናል ሆኪ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ፤ ቀኝ ዓይኑ እንደማያይም ደብቆ ነው የተጫወተው። አከብረዋለሁ፤ ለአንተም በር ከፍቶልሃል። ነገር ግን እሱ የደበቀው አንዴ የጠፋ ዓይን ነው፤ ቢናገርም ተመልሶ አይበራለትም። አንተ የምትደብቀው ግን ሊድን የሚችለውን ነው። ያልዳነ አንጎል ሁለተኛ ምት ሲያርፍበት ከፊተኛው የከፋ ይሆናል፤ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ይልቅ ደሪክ ቡጋርድን አስብ። ልጅ ሳለህ 24 ቁጥር ማሊያውን አላወልቅም ብለህ ለብሰኸው ትተኛ ነበር። እሱም በእናንተው ሊግ፣ በሉዊዚያና ቡድን በኩል አልፎ ነው ናሽናል ሆኪ ሊግ፣ ሚኔሶታ ዋይልድ ቡድን የደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2011 ገና በ28 ዓመቱ ሲሞት፣ አንጎሉን የመረመሩት ሰዎች በተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን ሕመም አገኙበት።

ወንድም ጋሼን አልደረስክበትም። የምታውቀው ሳሎን ያለውን፣ ጓንቱን አጥልቆ የቆመበትን ፎቶ ብቻ ነው። «ታሞ ሞተ» ብለን ነው የነገርንህ። ሕመሙ ምን እንደነበር ልንገርህ። ድሬዳዋ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን ግብ ጠባቂ ነበር። አንድ እሑድ ኳስ ሊያድን ሲወረወር ጭንቅላቱ ከግቡ ብረት ጋር ተላተመ። ውኃ አፈሰሱበት፤ ተነሣ፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት፤ ጨዋታውን ጨረሰ። የለገሃሬ ሰው ሁሉ ጀግና አለው። ማታ እናቴ መብራት ስታበራ ዓይኑን በነጠላዋ ሸፈነ። በሚቀጥለው እሑድ ገባ፤ ከዚያም በኋላ ገባ። ራሱን እየፈለጠው ለማንም አልተናገረም። ውሎ አድሮ መርሳት ጀመረ። ስሙኒ ሰጥቶ «ዳቦ ግዢ» ብሎ ይልከኛል፤ ትኩሱን ዳቦ ይዤ ስገባ ኪሱን እየዳበሰ «ዳቦ ግዢ» ይለኛል። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር። በኋላ፣ እንዳያፍር ብዬ፣ ዳቦውን በቀሚሴ ሸፍኜ ግቢውን ዞሬ እንደ አዲስ እመለስ ጀመር። እንዲህ ሆኖ ነው ያለቀው። እጅህ ቁርጥ የእሱ እጅ ነው። ዓርብ ማታ ያ እጅ ጠርሙሱን ሲስት ምን እንደሆንኩ አሁን ይገባሃል።

አትደብቅ፣ ልጄ። ጨዋታውን ተው አላልኩህም። ነገ ጠዋት ለቡድኑ ሐኪም ዓርብ የሆነውን ሁሉ ንገረው፤ ጠርሙሱንም መጋረጃውንም። በቃል ብቻ አይሁን፤ ጻፈው፣ ቀን አድርግበት፣ ቅጂውን ለእኔ ላክልኝ። ያልተመዘገበ ጉዳት በኋላ የሚያምንህ የለም። «ቀላል ነው» ብለው ከመለሱህ ለማኅበራችሁ ደውል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ለተጫዋቾች የሚቆም ማኅበር አላችሁ፤ ታዲያ ለመቼ ነው? መኪና አትንዳ። ቢራ አትቅመስ። ሐኪም ሳይፈቅድ በረዶው ላይ እንዳትወጣ፤ አሠልጣኙ ቢለምንህም፣ ከላይ ቢደወልልህም። ቢደወል «ታምሜአለሁ» በል። ይህን ስጽፍ ሆዴ እየተላወሰ ነው፤ ያን ስልክ እኔም ከአንተ እኩል እጠብቀዋለሁ።

ቦታህን ሌላ ከያዘው ይያዘው። ክፍልህ እንደነበረ ነው፤ አልጋህም ተነጥፏል። ቤቱን ልቀቅ ካሉህ አባትህ በዚያ ጉልበቱ መኪናውን አስነሥቶ ይመጣል፤ ትናንት ማታ ጎማውን ሲያይ ነበር።

በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ በፖስታ ልኬልሃለሁ። ድርቆሹን አብሮህ ለሚኖረው ልጅ አካፍለው፤ ባለፈው ወዶት ነበር። እስኪሻልህ ድረስ ብቻህን እንዳታድር፤ እሱን ማታ ማታ እንዲያይህ ለምነው። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ» እንዳትለኝ፤ ሐኪሙ ያለህን ቃል በቃል ንገረኝ።

እናትህ