«አጭር የእግር ጉዞ» የምትለዋ ሐረግ ትብራራልን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ፣ ራቅ ባለ ጫካ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ፏፏቴ ስለሚደረግ የእግር ጉዞ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው የውኃው ድምፅ ፏፏቴው ከመታየቱ አስቀድሞ በዛፎቹ መካከል እየተሰማ እንደሚመጣ፣ አየሩም በየርምጃው እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ የገለጹበት አኳኋን ምስጋና የሚገባው ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ደርሶ የሚያውቅ አንባቢ ትዝታው ይቀሰቀስበታል። ቅሬታዬ በአንዲት ሐረግ ላይ ብቻ ነው። ጽሑፉ መንገዱን ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ማንም ሊሄደው የሚችል «አጭር የእግር ጉዞ» ብሎት አልፏል። በእኔ ግምት ወደ ፏፏቴ በሚደረግ ጉዞ ላይ ሰውን ከሚያዘናጉት ነገሮች ሁሉ የከፋችው ይህችው ሐረግ ናት፤ አጭር የተባለ መንገድ ላይ ሰው ውኃ አይዝም፣ ባትሪ አይዝም፣ የት እንደሚሄድም ለማንም አይናገርም።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስት ባልንጀሮቼ ጋር እንዲሁ አጭር ወደተባለ ፏፏቴ ወረድን። «ወረድን» ማለቴ በምክንያት ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን አስቀድሞ ስለሚከፍል፣ ጉልበቱ ሲከዳው ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ተመልሶ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ብዙዎቹ ፏፏቴዎች ግን በሸለቆ ውስጥ የተደበቁ በመሆናቸው ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲሄዱ መንገዱ ራሱ ይገፋል፣ ጨዋታውም ይደምቃል፣ ሽቅቡ የሚጠብቀው ግን እግር ከዛለና ቀኑ ከመሸ በኋላ ነው። እኛ በአርባ ደቂቃ የወረድነውን መንገድ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ከመካከላችን አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ነበርና የመጨረሻውን ክፍል በእኛ ትከሻ ተደግፎ ጨረሰው። የዛፎቹ ቅጠል ተጋጥሞ ሰማዩን ስለሸፈነውም፣ ከጫካው ውጭ ገና ብርሃን ሳለ እኛ የምንረግጠውን ሥር ከጥላው መለየት ተስኖን ነበር።

ርቀት ብቻውን ምንም እንደማይናገር ተራራ ወጪዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ደንብ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለሚወጣው ለየ600 ሜትሩ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ያሰላል። በዚህ ስሌት 2 ኪሎ ሜትር ሜዳ 24 ደቂቃ ይወስዳል፤ በዚያው ርቀት ውስጥ 300 ሜትር ሽቅብ ካለ ግን 54 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ጤናማና የሠለጠነ ሰው በደኅና መንገድ ላይ ያለ ዕረፍት ሲሄድ ነው። በአሜሪካ የዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ወደ ቬርናል ፏፏቴ አናት የሚያደርሰው መንገድ ደርሶ መልስ 3.9 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የፓርኩ አስተዳደር ወደ 300 ሜትር የሚጠጋውን አቀበት ቆጥሮ ጎብኚዎች 3 ሰዓት ያህል እንዲመድቡ ይመክራል። ጽሑፋችሁ ላይ የጎደለው ይህን የመሰለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከመንገዱ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ አንባቢው ከደረሰ በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ ጽሑፉም እዚያ ላይ ስለ ውበቱ እንጂ ስለ ውኃው ጠባይ አላነሣም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በምሳሌ ብቻ አይደለም። ከፏፏቴው ሥር ነጭ ሆኖ የሚፈላው ውኃ በአየር አረፋ የተሞላ በመሆኑ አረፋ ከሌለው ውኃ ይልቅ ቀላል ነው፤ ስለዚህም ሰውነትን እንደ ወትሮው አይሸከምም። ከላይ የሚወርደው ደግሞ ወደ ታች ይደፍቃል፣ ከታች ተመልሶ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ የገባበትን ሰው መልሶ ወደ ፏፏቴው ይስበዋል። በሐይቅ ውስጥ ሲዋኝ ያደገ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢገባ፣ የዋና ችሎታው የሚያተርፍለት ድፍረትን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅዝቃዜውም አለ፤ ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሆነ ውኃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይወድ በግዱ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃው በታች ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ከአለት ላይ ዘሎ መግባትማ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ አምና ጥልቅ የነበረው ገንዳ ዘንድሮ በጎርፍ በመጣ ግንድና ድንጋይ ተሞልቶ ሊገኝ ይችላልና።

ደራሽ ውኃንም ሳላነሣ አላልፍም። በጫካ ሸለቆ ውስጥ የቆመ ሰው የሚታየው ሰማይ ጠባብ ነው፤ ከእርሱ በላይ ብሩህ ሆኖ ሳለ ወንዙ በሚነሣበት ከፍታ ላይ ግን ዶፍ እየወረደ ይሆናል። ውኃው ከመድረሱ በፊት ምልክቶች ይኖራሉ፤ ጥርት ያለው ወንዝ ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ይጀምራል፣ ቀደም ሲል ደረቅ የነበረ ድንጋይ ይሸፈናል። በሌላ ወንዝ ዳር ቢሆን ጆሮም ያስጠነቅቅ ነበር፤ እዚህ ግን የፏፏቴው ጩኸት የደራሹን ድምፅ ይውጠዋል፣ ከዳር ሆኖ «ውጡ!» ብሎ የሚጣራውን ሰው ድምፅም እንዲሁ። እኛ ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃው ዘንድ ከመድረሳችን በፊት በእጅ ምልክት መግባቢያ እንስማማለን፤ ልጆች ካሉም ከአንድ ትልቅ ሰው ክንድ አይርቁም። ከነዚያ የደራሽ ውኃ ምልክቶች አንዱ ከታየ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ነው።

አለቱም የራሱ ተንኮል አለው። ርጭቱ ያለማቋረጥ የሚያርፍበት ድንጋይ በስስ አልጌ ስለሚለበጥ፣ የጠቆረ ወይም ጥላ ያረፈበት እንጂ የሚያንሸራትት አይመስልም። የባልንጀራዬ ቁርጭምጭሚት የተጎዳው በገደል አፋፍ ላይ ሳይሆን፣ ከገንዳው ዳር ባለ ከጉልበት በማይበልጥ ድንጋይ ላይ ነው። ስለ አፋፉ ደግሞ ይህን ላክል፤ ብዙ ፏፏቴዎች የሚፈጠሩት ጠንካራ አለት ከላይ፣ ለስላሳው ከሥር ሆኖ ሲነባበር ነው። ውኃው ለስላሳውን ከሥር እየቦረቦረ ሲወስደው ጠንካራው ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ከጊዜ በኋላም ይናዳል። የናያጋራ ፏፏቴ ባለፉት 12,000 ዓመታት ገደማ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ያፈገፈገው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ ለመነሣት አፋፉ ላይ የሚቆም ሰው ምን ላይ እንደቆመ፣ ከሥሩ የሚያርፈውም በምን ሥር እንዳረፈ ማወቅ አለበት። ከላይ በጠቀስሁት በቬርናል ፏፏቴ አናት ላይ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 የመከላከያውን አጥር ያለፉ ሦስት ጎብኚዎች በወንዙ ተወስደው ሕይወታቸው አልፏል። አጥሩ ነበረ፤ ራቅ ባለ ጫካ ውስጥ ባለው ፏፏቴ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አጥርም የለ፣ ጠባቂም የለ፣ በሸለቆው ጥልቀት የተነሣም ስልክ የሚሠራው በዕድል ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ጸሐፊው ቢጨምሩት ደስ የሚለኝ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የሚወርደውን ውኃ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይን ሳይነቅሉ ተመልክተው ወዲያው ከጎኑ ወዳለው አለት ቢያዞሩ፣ አለቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል። ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው ይህንን በስኮትላንድ የፎየርስ ፏፏቴ ዘንድ ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1834 ጽፎታል። ለልጆች ቢያሳዩት የሚረሱት አይደለም፤ ነገር ግን ተቀምጦ ነው እንጂ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚሞከር አይደለም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ፈልጌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እኔም ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ወደፊትም እሄዳለሁ። የምለምነው ዓምዱ ከእንግዲህ ከኪሎ ሜትሩ ጋር የቁልቁለቱን መጠን፣ የመመለሻውን ሰዓትና ከውኃው ዳር እስከ የት መቅረብ እንደሚቻል በሁለት መስመር እንዲያመለክት ነው፤ መንገዱ ጭቃ ከሆነም ተጓዡ ጭቃውን ለመሸሽ በዳርና ዳር ያለውን ለጋ ቡቃያ እየረገጠ መንገዱን እንዳያሰፋው ቢነገረው መልካም ነው።

አንድ መስመር ከተረፈም ፏፏቴው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ይጠቀስ። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ስትሆን ነውና፣ ወደ ምሥራቅ የዞረ ፏፏቴ ቀስተ ደመናውን የሚያሳየው በጠዋት ነው፤ ያን ለማየት የማለደ ተጓዥ ለአቀበቱ ሙሉ ቀን ይተርፈዋል። ወደ ምዕራብ የዞረው ግን የሚያምረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የእኛም እንደዚያ ነበር፣ ያስመሸንም እርሱ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ