ጓሮውን ለእናት ብቻ አትተዉት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ጓሮ አትክልት የምታወጧቸውን ጽሑፎች አነባለሁ። ጠቃሚ ናቸው፣ ቀጥሉበት። ግን ደጋግሞ የሚከነክነኝ ነገር ስላለ ዛሬ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ፎቶው ላይ ሁልጊዜ አንዲት እናት ብቻዋን ቆማለች። አንድ እስር ቆስጣ ይዛለች። ጽሑፉ ብርታቷን ያመሰግናል፣ ይገባታልም። ባልየውስ? ልጆቹስ? ወንድም፣ እህት፣ አማት የሉም እንዴ እዚያ ቤት? ጓሮው የአንዲት ሴት ሥራ ሆኖ ሲቀር ምን እንደሚመጣ በሰፈራችን እያየሁ ነው። በልግ ላይ ያማረው መደብ ሐምሌ ሲገባ አረም ውጦት ይገኛል። ያቺ ሴት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ልጅ ታስጠናለች፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ቢሮ ውለን በታክሲ ሰልፍ ደክመን ነው ማታ የምንገባው፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ጎንበስ ብለሽ ኮትኩች ማለት ግፍ ነው።

እኛ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። ግቢያችን ሰፊ አይደለም። ከቤቱ ጀርባ ባለችው ቦታ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቂት ሰላጣ እናለማለን። ጤና አዳምና በሶብላ አጥሩ ሥር አሉ። አሁን ፀደይ ነው፣ የበልጉም ዝናብ ጣል ጣል እያለ ነው፣ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚቀር ሰው የለም።

የአካባቢያችን አፈር መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ውኃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳል። ሲደርቅ ዶማ ይነጥራል። ሲረጥብ ከጫማ ጋር ተጣብቆ ይነሣል። የሚቆፈርበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ካፊያዎች በኋላ፣ ጭብጥ ሲያደርጉት የሚይዝ፣ በጣት ሲነኩት ደግሞ የሚፈረፈር በሚሆንበት ሰሞን ብቻ። ያንን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን አይደርስበትም። ስለዚህ ቁፋሮው የባለቤቴና የወንድሜ ነው። መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያደርጉታል፣ በመደብና በመደብ መካከል ቦይ ይተዋሉ፣ ክረምት ሲመጣ ውኃው በዚያ እንዲወርድ። ስፋቱ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፣ ምክንያቱም ትንሹ ልጄ ከሁለቱም ወገን እጁን ዘርግቶ መሐሉን መንካት አለበት። መደቡ ላይ የሚቆም ሰው የለም። የተረገጠ መረሬ ጡብ ነው።

ወንድሜ የሚኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ክንድ መሬት የለውም። ግን ቅዳሜ ጠዋት ከሚስቱና ከልጁ ጋር ይመጣል፣ ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም። የሳምንቱን የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ የድንች ልጣጩን፣ የቡና አተላውን፣ የእንቁላል ቅርፊቱን በባልዲ ይዞ ነው። ጥግ ላይ ያለው ክምር ውስጥ ይገባል። ከዶሮዎቻችን ኩስ፣ ከገለባና ከደረቅ ቅጠል ጋር እየተደራረበ፣ እየተገላበጠ ቢያንስ ሦስት ወር ይቆያል። ትኩስ ኩስ ሥር ያቃጥላል፣ ካሮት ከሆነ ደግሞ ሥሩ ሁለትና ሦስት ቦታ ተከፍሎ እግር ያወጣል። ሲመለስ ድርሻውን ጎመን በፌስታል ይዞ ይሄዳል። ፎቅ ላይ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ፣ ጥሩት! መሬት የሌለው ሰው ጉልበትና ትርፍራፊ አለው፣ እናንተ ጋ ደግሞ መሬቱ አለ።

ዘር የምንገዛውም አብረን ነው። ሻጮች ጋ የሚገኘው የታሸገ ቆርቆሮ ለገበሬ ማሳ የተሰላ ነው፣ ለእኛ መደብ ጭብጥ የማትሞላ ትበቃለች። የተረፈው እርጥበት በሌለበት ካልተቀመጠ ኃይሉ ይሞታል፣ የሽንኩርት ዘር እንደውም ለቀጣዩ ዓመት እንኳ አይታመንም። ሦስት ቤት ሆነን አንድ ቆርቆሮ ገዝተን ስንካፈል ወጪውም ይቀላል፣ ዘሩም አይባክንም።

የሐበሻ ጎመን ዘር ግን አንገዛም። እሱ የአማቴ ነው። አማቴ የቡልጋ ሰው ናቸው፣ አሁን እኛ ጋ ይኖራሉ። ከመደቡ ሁለት ሦስት ጠንካራ ግንድ መርጠው ቅጠሉን ሳያስቀነጥሱ አብቦ ዘር እንዲይዝ ይተዉታል፣ ፍሬው ሲደርቅ ነጠላ ላይ አሽተው፣ እፍ እያሉ አበጥረው፣ በጨርቅ ቋጥረው ያስቀምጡታል። ይህ ጎመን የኛው ደጋ ተክል ነው፣ ብርዱንም ዝናቡንም ያውቀዋል። ችግኙን ጥግ ላይ ባለች ትንሽ መደብ ያፈላሉ፣ ሣር ያለብሱታል፣ ብቅ ሲል ሣሩን ያነሡለታል። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ለማዛወር ደረሰ ማለት ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ እኩለ ቀን ላይ ችግኝ ሊነቅል ሲል አይተው «ተው የኔ ልጅ፣ ችግኝ በጠራራ ፀሐይ አይነቀልም፣ ፀሐይዋ ትብረድ» አሉት። ቁጭ ብለን ቡና ጠጣን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተከልን። በነጋታው አንድም የጠወለገ አልነበረም። የእሳቸውን ዕድሜ ያሉ እናቶች ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ሲያዩ ሲውሉ ሳይ አዝናለሁ። ያ ሁሉ እውቀት አብሯቸው ቁጭ ብሏል።

ውኃው የትልቋ ልጄ ነው። «ላግዝሽ ወይ» ብላ አትጠይቀኝም፣ ሥራው የሷ ነው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልጅን «ና እስቲ አግዘኝ» ስንለው እንግዳ ይሆናል፣ ሥራው የኛ፣ እሱ ተላላኪ ነው። አንዱን ነገር ከነሙሉው ስንሰጠው ግን ይጠይቃል፣ ያያል፣ ይቆጣል። በሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ሲሞላ የምታየው እሷ ናት፣ ሩዝና ምስር የታጠበበትን ውኃ ለይታ የምታስቀምጠው እሷ ናት፣ ወንድሟ ያንን ውኃ መታጠቢያ ቤት ሲደፋው የምትጮኸውም እሷው ናት። ውኃ የምታጠጣው ጠዋት በማለዳ ነው፣ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም። ቅጠል ረጥቦ ሲያድር በሽታ ይጋብዛል።

ስለ ውኃ ካነሣሁ አይቀር፣ ጓሮ እንድንይዝ ካደረጉን ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው፣ የፋብሪካውንም የሰፈሩንም ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በዚያ ውኃ በሚለማው አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶች እንደተገኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ጎመንና ሰላጣን የመሳሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች ደግሞ ይህን ይበልጥ ይስባሉ። በማጠብ የሚለቅ አይደለም፣ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ነገር ነው። ገበሬዎቹን አልወቅስም፣ ሌላ ውኃ የላቸውም። ግን ልጆቼ የሚበሉት ቅጠል ምን ጠጥቶ እንዳደገ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ትንሹ ልጄ አዳኝ ነው። ቆራጭ ትል የሚባለውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ማታ ወጥቶ የችግኙን አንገት መሬቱ ላይ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ጠዋት ስትነሡ ጎመናችሁ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ትሉ ግን ሩቅ አይሄድም። ልጄ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳይሄድ በእንጨት የተቆረጠውን ችግኝ ዙሪያ ይጭራል፣ ከላይኛው አፈር ሥር ተጠቅልሎ የተኛውን ግራጫ ትል አውጥቶ ለዶሮዎቹ ይሰጣል። ማታ ማታ ደግሞ የአባቱን ስልክ መብራት ይዞ ይዞራል። ክሽክሽ የሚባሉትን ጥቃቅን ተባዮችም የሚያየው እሱ ነው፣ ቁመቱ ስለሚፈቅድለት የቅጠሉን ጀርባ ያለ ችግር ያያል። ዝናብ ዘግየት ሲል ጎመን ላይ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ነገር ይወጣል፣ ቅጠሉም ይጨማደዳል። በጊዜ ከታየ በጣት ማሸት፣ ቀጠን ባለ የሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃዋል። ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ጥንዚዛ ግን አንነካትም። ክሽክሹን የምትበላው እሷ ናት።

የኔ ሥራ ካሮት ማሳሳት ነው። ካሮት ተዛውሮ አይተከልም፣ በቦታው ይዘራል፣ እስኪበቅልም ትዕግሥት ይፈልጋል። ከበቀለ በኋላ ሦስት ጣት ያህል እየተራራቀ ካልተነቀለ ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳል፣ የበቀለ መንቀል ያሳዝነዋል። የተነቀለችውን ልጆቹ እዚያው አጥበው ይበሏታል።

ጊዜው ለምን ፀደይ እንደሆነ ልናገር። አሁን የተከልነው ጎመንና ቆስጣ ለሰኔ ይደርሳል፣ ለሐዋርያት ጾም ማለት ነው። ከታች ከታች እየተቀነጠሰ ልቡ ካልተነካ ደግሞ እስከ ፍልሰታ ያበላል። ለሁዳዴው 55 ቀን የሚሆነው ጥር ላይ በሮቶ ውኃ የሚተከለው ነው፣ እሱ ከባድ ነው። የበልጉ ግን ዝናቡ ራሱ ግማሹን ይሠራዋል። ዘንድሮ ጎመን በነበረበት መደብ ለቀጣዩ ጊዜ ጎመን አይገባም፣ ካሮት ወይ ሰላጣ ይገባበታል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ሲጀመር ብዙ ሰው ዶሮም ጓሮም ያዘ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ እኛም ዶሮዎቹን ያመጣነው ያኔ ነው። ችግኝና ሥልጠና የሚሰጡ አካላት ግን ሁለት ነገር ቢያስተካክሉ ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ ጊዜው። በሰፈራችን የቲማቲም ችግኝ የታደለው ሐምሌ ላይ ነበር። በዚያ ዝናብና ብርድ ቲማቲም በምች ይመታል፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ግንዱ ይደርቃል፣ እንደዚያም ሆነ። የወሰዱት ሰዎች «ይሄ አፈር አይረባም» ብለው ተዉት። አፈሩ አልበደለም። ለበልግ የሚሆን ችግኝ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ መድረስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱና የሚጠራው ሰው። ሥልጠናው ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከሆነ የሚመጣው ማን ነው? ቤት የምትውል እናት። ስለዚህ መቆፈሩም፣ ውኃውም፣ ትሉም በሷ ላይ ይወድቃል፣ ለሌላው የነገረው ሰው ስለሌለ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፣ አባቶች በስማቸው ይጠሩ፣ ልጆችም ይምጡ። አባትየው መደብ እንዴት ከፍ እንደሚል በዓይኑ ካየ ቤቱ ሄዶ ዶማውን ያነሣል። ባለቤቴን የማውቀው እኔ ነኝና ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ፣ እኔ ብነግረው ኖሮ እሺ ብሎ ይረሳው ነበር፣ የጎረቤታችንን መደብ ሄዶ ያየ ዕለት ግን ማታውኑ ነው ገመድ ይዞ ግቢውን መለካት የጀመረው።

ከእናንተ ደግሞ የምጠይቀው አንዲት ጠባብ ዓምድ ነው። በየወሩ መጀመሪያ፣ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ደጋ፣ በዚህ ወር ምን ይዘራል፣ ምን ይዛወራል፣ ምን ይጠበቃል የምትል። በይነመረብ ላይ የሚገኘው አብዛኛው የውጭ አገር ወቅት ነው፣ ለኛ አይሆንም። የሆለታና የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከላት ቅርባችን ናቸው፣ ባለሙያ አይጠፋም። ለመረሬና ለቀይ አፈር ለየብቻ ቢጻፍ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፣ እንጦጦ ግርጌ ያለ ሰውና እኛ አንድ ዓይነት መደብ አንሠራም። የግንቦቱን ብትጀምሩት ለክረምቱ ዝግጅት እንደርስበታለን።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣው አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ