አምባሰልን በጊታር ሰማሁልህ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ተጠፋፍተን ከረምን አይደል? ስልኩ በእጃችን እያለ አንድ መስመር መጻጻፍ አቃተን። የትናንቱን ግን ለአንተ ካልነገርኩ አይሆንልኝም።

የሮክ ባንዱን ልጆች አየኋቸው! ስማቸውን መጥራት አያስፈልገኝም። ዩኒቨርሲቲ እያለን በፍላሽ እየተቀባበልን ያደመጥናቸው ናቸው። ደሴ መጡልን። የተጫወቱት ደግሞ ትልቅ አዳራሽ አይደለም፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ክለብ ውስጥ ነው። መድረኩ ከወለሉ ከፍ ቢል አንድ ስንዝር ነው። ቀደም ብዬ ስለገባሁ ክራሩ ፊት ለፊት ቦታ አገኘሁ።

ክርክራችን ትዝ ይልሃል? ጃኖ ባንድ ሮክን ከኛ ዜማ ጋር ሲያጋባ አንተ በቅኝቶቻችን ነገር ድርቅ አልክ። "ትዝታስ ይሁን፣ አምባሰልን ግን ጊታር አይችለውም" ነበር ያልከው። የጊታር ድምፅ በፍሬት፣ አንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች፣ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው፣ ማሲንቆ ግን ድምፁን በጆሮው እየፈለገ ነው የሚያገኘው ትል ነበር። እውነትህን ነው። በማሪቱ ለገሠ ድምፅ ያደገ ጆሮ አምባሰል ላይ በቀላሉ አይታለልም።

መጀመሪያ ትዝታ ተጫወቱ። ቀጥሎ ባቲ ነው ተባለ። ጊታሪስቱ ጣቱን አዛወረና ዝግጁ ሆነ። ክራሩ ግን እንዲያ አይሆንለትም። ክሮቹ ለትዝታ ተቃኝተዋል፣ ባቲ ለመግባት እንደገና መቃኘት አለባቸው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ክራሩ አስጠጋ። አንዱን ክር ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ፣ ነካ፣ እንደገና ጠበቅ። ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ። ገና ሳይዘፈን፣ ክሮቹን ሲሞክር ብቻ፣ ሰዉ ባቲን ለየው። ከኋላዬ አንዱ "እሰይ!" አለ። እኛ በፍላሽ ስንሰማ ይሄ ሁሉ ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። እኔ ከዘፈኑ እኩል ወደድኩት። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎን አገር ስም የያዙ ናቸው፤ ባቲ ደግሞ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚገናኝባት ያቺው ከተማችን ናት። እዚሁ ሆኖ ሲሰሙት ሌላ ነው።

ከዚያ አምባሰል መጣ። ማሲንቆው ብቻውን ጀመረ። አንድ ክር፣ ያውም የፈረስ ጭራ። ድራሙም ቤዙም ዝም አሉ። ጊታሩ ቀስ ብሎ ከሥር ገባ። ጊታሪስቱ ክሩን በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ፍሬቱ የማይሰጠውን ድምፅ ይፈልጋል። መጀመሪያ ትንሽ ጎደለ። ደገመው። ዓይኑን ከማሲንቆ መቺው እጅ ላይ አልነቀለም። ሦስተኛው ላይ ገጠመ። ወላሂ ገጠመ! ማሲንቆው እየመራ ጊታሩ ሲማር በዓይኔ አየሁት። ሩቅ ከሆነ መድረክ ላይ ይሄ አይታይም።

ቅር ያለኝ ነገር ድራሙ ነው። ለዚያች ጠባብ ቤት በጣም ይጮህ ነበር፣ መጨረሻ አካባቢ የዘፋኟን ግጥም ዋጠብን። በዚያ ድምፅ ላይ እንዲህ መደረግ አልነበረበትም።

ደግነቱ ድራሙን አስቁመው ማሲንቆ መቺው ወደ ጠረጴዛዎቹ ወረደ። ሮክ ባንድ ነው እንግዲህ፣ ግን እንደ አዝማሪ ቤት ከሰው ስንኝ ሊቀበል! ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ተቀበል!" አሉት፦

ሐረጎ እንኳ ዞሮ ያደርሳል ከደጅ፣
ምነው መንገድ ጠፋው የልቤ ወዳጅ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሲመጣ ያ የሐረጎ ጠመዝማዛ ያላዞረው ደሴ ውስጥ ማን አለ? ልጁ ተቀብሎ በአምባሰል ዘፈነላቸው። እኔ አንተን አሰብኩ። እዚያው ልደውልልህ ስልኬን አውጥቼ ነበር፣ በዚያ ጩኸት መሃል አትሰማኝም ብዬ መለስኩት። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅም አልመሰለኝም።

ተመልሰን እንመጣለን ብለዋል። ቀኑን እንዳወቅኩ አሳውቅሃለሁ፣ ያኔ ሥራ በዛብኝ እንዳትለኝ። በማደሪያ አብሽር፣ ቤቴ ቤትህ ነው። ጃኬት ግን ያዝ፣ የደሴን ብርድ ታውቀዋለህ። ክራሩ ፊት ለፊት አብረን እንቀመጥና አምባሰሉን ስማው። ከዚያ በኋላም "ጊታር አይችለውም" ካልክ እስኪነጋ ድረስ እንከራከራለን።

እናትህን ሳምልኝ። መልስህን እጠብቃለሁ።

ወንድምህ፣
ከደሴ