እሁድ አምሪትሳር ሂጂ

የኔ ልጅ፣

ገናን ብቻሽን ዶርም ውስጥ ኢንዶሚ ቀቅለሽ እንደዋልሽ ስትነግሪኝ ስልኩ ላይ ዝም ያልኩት ሆዴ ስለባባ ነው። ጭጋጉ ፀሐይ ካሳየኝ ሳምንት ሆነው አልሽ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና አንድ ነገር መጣልኝ። ካለሽበት ከጃላንዳር አምሪትሳር እኮ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ዓመት ሙሉ አጠገቧ ኖረሽ አላየሻትም። እሁድ ሂጂ።

አባትሽን ለሕክምና ዴልሂ የወሰድኩ ጊዜ አንቺ አክስትሽ ጋ ነበርሽ። ውጤት እስኪደርስ ሦስት ቀን ጠብቁ ተባልን። ሆቴል ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ሲሰለቸው አባትሽ ራሱ ነው እንውጣ ያለው። ጠዋት ባቡር ይዘን ስድስት ሰዓት ያህል ተጓዝን። አገሩ ሜዳ ነው፣ ኮረብታ የሚባል የለም፣ ስንዴ ብቻ፣ መሃል መሃሉን ደግሞ ቢጫ የሰናፍጭ አበባ፣ አደይ የፈነዳ ይመስላል። የአገሩ ስም ፑንጃብ ነው፣ አምስት ወንዞች ማለት። አምሪትሳር ከነዚህ ወንዞች በሁለቱ፣ በቢያስና በራቪ መካከል ነው ያለችው።

ከተማዋን የቆረቆሩት አራተኛው የሲኮች (የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) ጉሩ፣ ማለትም መንፈሳዊ መምህር፣ ራም ዳስ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1577። ኩሬ አስቆፈሩ፣ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው፣ የሕይወት ውሃ ኩሬ እንደማለት። ልጃቸው ጉሩ አርጃን ውሃው መሃል ቤተ መቅደሱን፣ ሃርማንዲር ሳሂብን፣ አሠሩና በ1604 ቅዱስ መጽሐፋቸውን እዚያ አኖሩ። በ1762 የአፍጋኑ ንጉሥ አሕመድ ሻህ ዱራኒ አፈረሰው። ሲኮቹ መልሰው ሠሩት። ዛሬ የምታዪውን ወርቅ ያለበሱት የሲኮች ንጉሥ ማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ናቸው።

ስትገቢ ጫማ ታወልቂያለሽ፣ እግርሽን ትታጠቢያለሽ፣ ፀጉርሽን ትሸፍኛለሽ። ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ላደግነው ይሄ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነብኝ መውረዱ ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ እዚያ ግን ደረጃ ወርደሽ ነው የምትገቢው፣ ሰው ዝቅ ብሎ ይግባ ብለው። በሩም አራት ነው፣ በአራቱም አቅጣጫ። ከየትም ና፣ ማንም ሁን ማለት ነው። ስትወጪ በእጅሽ ካራ ፕራሳድ ያደርጉልሻል፣ ዱቄት፣ የተነጠረ ቅቤና ስኳር እኩል እኩል ሆኖ የተሠራ። ትኩስ ነው፣ ቅቤው በጣትሽ መሃል ይወርዳል።

ከዚያ ላንጋር ግቢ። ልጄ፣ ደብዳቤውን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ላንጋር የነጻ ማዕድ ነው፣ ከመጀመሪያው ጉሩ ከናናክ ጀምሮ የመጣ፣ እዚህ ቀንም ሌሊትም የማይቋረጥ። በቀን 50 ሺህ ሰው ይበላል፣ በበዓል 100 ሺህ ይደርሳል። በሩ ላይ የብረት ሳህን ይሰጡሻል። መሬት ላይ በረድፍ ትቀመጫለሽ። እኔ የተቀመጥኩት በአንዲት ባዶ እግሯን በመጣች አሮጊትና ውድ ሰዓት ባሰረ ሰውዬ መካከል ነበር። ዳሉን በባልዲ ይዘው እየዞሩ ይጨልፉልሻል፣ የኛው ምስር ወጥ ነው፣ በርበሬው ቀረበት እንጂ። ሮቲ፣ ቂጣቸውን፣ የሚያድለው ሽማግሌ ፊቴ ቆመ። አንድ እጄን ብዘረጋ ራሱን ነቀነቀ። ግራ ገባኝ። አሮጊቷ ሁለት እጄን ይዛ አንድ ላይ ገጠመችልኝ። እናቴ ስንት ጊዜ እጄን መታ ያስተማረችኝን ነገር፣ በሁለት እጅ ተቀበዪ የሚለውን፣ እዚያ አገር መልሼ ተማርኩት። ከየት ነሽ፣ ሃይማኖትሽ ምንድነው ያለኝ ሰው የለም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዴልሂ ጀምሮ ውጤቱን ስፈራ እህል አልወርድልኝ ብሎ ነበር፣ እዚያ ሁለት ሮቲ በላሁ።

አባትሽ አሁን አጠገቤ ሆኖ “ሳህኑንም ንገሪያት” ይላል። ቤት ብርጭቆ አንስቶ የማያውቅ ሰው፣ ያውም በሽተኛ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ገንዳው ጋ ቆመና አንድ ሰዓት ሙሉ ሳህን አጠበ። የብረት ሳህኑ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ከጎኑ ማን እንደቆመ አናውቅም፣ ዳኛ ይሁን ቀን ሠራተኛ። ሴቫ ይሉታል፣ ያለ ክፍያ ማገልገል ነው። አንቺም ሳትሠሪ እንዳትወጪ። ነጭ ሽንኩርት መላጥም ቢሆን።

ከቤተ መቅደሱ ጥቂት ደቂቃ በእግር ጃሊያንዋላ ባግ የሚባል ግቢ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1919 የቫይሳኪ በዓል ነበር። ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ የእንግሊዙ ጄኔራል ዳየር ዋናውን መውጫ ዘግቶ አስተኮሰ። 1,650 ጥይት፣ አሥር ደቂቃ ያህል። መንግሥት የሞቱት 379 ናቸው አለ፣ የሕንድ ኮንግረስ ፓርቲ ግን 1,000 ገደማ ብሏል። ግድግዳው ላይ ጥይት የበሳውን በነጭ ከበውታል። ነፍሱን ለማዳን ሰው የዘለለበት ጉድጓድም አለ። እኔ የየካቲት 12ን ነገር ከአያቴ አፍ የሰማሁ ነኝና እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። በ1933 በኛ አቆጣጠር ጣሊያንን ለማስወጣት ከረን ላይ ከተዋጉት የሕንድ ክፍለ ጦሮች ውስጥ ሲኮችም ነበሩ። እዚያው የቀሩት ሲኮችና ሂንዱዎች መታሰቢያ ከረን አለ። ጥምጣም ያደረገ ሽማግሌ ስታዪ ይሄን አስቢ።

እ.ኤ.አ. በ1947 አገሩ ለሁለት ሲከፈል ላሆር ፓኪስታን ሆነች፣ አምሪትሳር ሕንድ ቀረች፣ መካከላቸው 50 ኪሎ ሜትር ነው። ሬሳ የሞላባቸው ባቡሮች ከሁለቱም ወገን ይገቡ ነበር። አምሪትሳር ያለውን የክፍፍሉን ሙዚየም እዪው። የ1984ቱን (እ.ኤ.አ.) ግን፣ የሕንድ ጦር ታጣቂ ለማስወጣት ቤተ መቅደሱ ውስጥ የገባበትን፣ እንደ ተራ ወሬ አታንሺባቸው። ቁስሉ ገና ነው። እነሱ ካወሩሽ ስሚ።

ብቻሽን አትሂጂ፣ ያቺን ከኬንያ የመጣችውን ልጅ ይዘሻት ሂጂ። ከቻላችሁ እደሩ፣ ለእንግዳ ማደሪያ አላቸው። ማታ መጽሐፉን በአልጋ ተሸክመው በመዝሙር ወደ ማደሪያው ይወስዱታል፣ ንጋት ሳይቀድ ይመልሱታል። ታቦት ሲወጣ የሚሰማሽ ነገር ይሰማሻል፣ ጥምቀትም ደርሷል።

በሩ ላይ ለፀጉር ብርቱካናማ ጨርቅ ይሰጣሉ፣ አንቺ ግን የራስሽን ልበሺ። ነጠላሽ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከሥር ነው፣ እኔ ነኝ የከተትኩት።

እናትሽ